አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ

ሰኞ

ዛሬ ጥርሶ ሳቀ! እንደ ልማዱ በአፍንጫው እፍ ብሎ አይደለም፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ነው የሳቀው። አዳራሽ ሙሉ ሰው በሳቅ የሚገድለው ጥርሶ የእኔን ጽሑፍ ሲያነብ ፊቱ የተዘጋ ሱቅ ነው። ያነባል፣ «ጥሩ ነው» ይላል፣ ወረቀቱን ይገለብጣል። «ጥሩ ነው» ማለት ጣይው ማለት እንደሆነ ለማወቅ ስንት ጊዜ ፈጅቶብኛል!

መድረክ ላይ የሚለውን የምጽፍለት እኔ ነኝ። ስሜ የትም አይጠራም፤ አይከፋኝም። ታክሲ ውስጥ ሰው የእኔን ቃል የጥርሶ ነው ብሎ ሲያወራ መስማቱ ይበቃኛል። «እትዬ ጭራ» ነው የሚለኝ። ቀልድ ላይ ጭራ ስለምቀጥል ነው። ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር ይናገራል፤ ያ ገና ግማሽ ነው። ማንም ያልጠበቃት ትንሽ ነገር ከኋላው ካልተቀጠለች፣ ደስ ብሎት የሚወዘውዘው እንዳጣ ውሻ ነው።

ግን ሰሞኑን ነገሩ ከፍቶብኝ ነበር። «እትዬ ጭራ፣ ቀልድሽ ጓዳ ጓዳ ሸተተ» ብሎ ሁለት አዳዲስ ጸሐፊዎች ቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ናቸው፤ ስለ ቀልድ ሲያወሩ «መዋቅሩ» ይላሉ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቼ በቀጥታ ታይፕ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ፣ መዋቅር የማውቀው የቤት ነው። የወቅቱን መዝጊያ ትልቁን ትርኢት ያሳቀው ይጽፈዋል፣ ቀሪው ይሰናበታል። እንግዲህ ዛሬ ያሳቅኩት እኔ!

ያሳቅኩት ግን በጻፍኩት አይደለም። በባሌ ነው።

ማክሰኞ

ትናንት ከደስታ ብዛት ሳልጨርስ ተኛሁ።

ባሌ ከሆስፒታል ወጥቷል። ስትሮክ ነው ያሉት። ቀኝ እጁ ዝሏል፣ የከንፈሩ አንድ ጎን ወርዷል፣ ንግግሩ ግን ተርፎለታል። ተርፎለታል ስል፣ አንተን ከአንቺ፣ አንቺን ከእርስዎ መለየት ጠፍቶበታል! ያንን ግንድ የሚያህል ጺማም ሐኪም እጁን ይዞ፣ «ፈጣሪ ይስጥሽ የኔ እህት፣ አንቺ ባትኖሪልኝ ኖሮ…» አለው። ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅኩ። ነርሷ የማለቅስ መስሏት አቀፈችኝ። እሱም ጭራ ነው፤ ለጥርሶ ስነግረው የነርሷን ወደ መጨረሻ ነው ያመጣኋት።

እንደው በማን ላይ ደረሰ? ይኼ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው ሆቴል ውስጥ ነው፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ። ለገባው እርስዎ፣ ለወጣው እርስዎ። የተጋባን ሰሞን ማታ ሲገባ «ቀኑን ሙሉ እርስዎ ስል ውዬ አንቺ የምላት ሰው ጋ ስደርስ፣ ጫማዬን ያወለቅኩ ያህል ነው» ይለኝ ነበር። ደስ ሲል!

አሁን እኔ አንተ ሆኛለሁ። ድመቷ ደግሞ እርስዎ።

ረቡዕ፣ ቸኩዬ

ድመቷን «እርስዎ፣ ከሶፋው ይውረዱ እንጂ» አላት። አልወረደችም። «እሺ፣ እንደ ፈቃድዎ» ብሎ በከዘራው ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ጥርሶ ጋ እየሮጥኩ ነው!

ዓርብ

ጋሽ ይውረዱ ተወለደ።

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ነው፤ ዕቃውን፣ ዝንቡን፣ ድመቱን ያከብራል፤ ትልልቅ ሰዎችን «አንቺ» ይላል። ትራፊክ ፖሊሱን «የኔ ቆንጆ፣ ምን አጠፋሁሽ?» ይለዋል። ለወባ ትንኝ «ይጠጡ፣ ይጠጡ» ይላታል። እስከዚህ ድረስ የባሌ ነው፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት። «ጠጥተው ሲጨርሱ መብራቱን ያጥፉልኝ» የሚለው የእኔ ጭራ ነው። ጥርሶ ወረቀቱን አልገለበጠውም። ሁለቱ ጸሐፊዎች አጨበጨቡ፤ አንደኛው ግን «ከየት አመጣሽው?» አለኝ። «ከጓዳ» አልኩት።

ማክሰኞ

የንግግር ሐኪሟ ጋ ይዤው ሄድኩ። ልጅ እግር ናት፣ ጥፍሯን አጭር ቆርጣለች፣ ፈገግታ የላትም። ሥዕል እያሳየች ታናግረዋለች። «ይህቺን ልጅ ምን ይሏታል?» ትላለች። እሱ ላቡ እየወረደ ያስባል፤ «አን… አንቺ» ሲል «ጎበዝ!» ትለዋለች። ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጎበዝ አልኩት።

ስንወጣ እኔን ለብቻ ጠራችኝ።

«ሲሳሳቱ አይሳቁ። ትክክለኛውን ቀስ ብለው ይድገሙላቸው፣ ይኸው ነው። ለስህተታቸው በስህተት እንዳይመልሱላቸው።»

«የኔ ልጅ፣ ብንስቅበት ምን ይለዋል? ሳቅ መድኃኒት አይደል?»

«እሳቸው ሲስቁ ነው መድኃኒት የሚሆነው» አለች። «የጠፋባቸው ቃሉ ነው እንጂ መረዳቱ አይደለም። ሁሉንም ይሰማሉ። እና እነዚህን ወራት ከተጠቀምንባቸው ይመለስላቸዋል። ካለፈ ግን እኔም እንጃ።»

ጎበዝ ልጅ ናት። ትንሽ ደረቅ ናት እንጂ።

እሑድ፣ ማታ

ትናንት በቴሌቪዥን ወጣ! ጎረቤት በግድግዳው በኩል ሲስቅ ሰማሁ። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አንዷን ወፍራም ሴትዮ «እርስዎ፣ ይውረዱ እንጂ!» ሲላት መኪናው በሳቅ ተናወጠ፤ እሷም ሳቀች። አንዱ «ይኼ ጥርሶ ጭንቅላት አለው በእውነት» አለ። መስኮቱን አየሁ፣ ጉንጬ ግን ሊፈነዳ ነበር።

ባሌ አብሮኝ ነበር ያየው፣ ሶፋው ላይ። መጀመሪያ ሳቀ። የድመቷ ጋ ሲደርስ ሳቁን ተወ። ድመቷን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ሄደ። ደክሞት ነው። በሽታው ቶሎ ያደክማል ብለውናል።

ልጃችን ዛሬ መጥታ ነበር። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ገና ከበር ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«እማዬ፣ ጋሽ ይውረዱ አባዬ ነው?»

«አባትሽ ድመት አለው፣ ጋሽ ይውረዱም ድመት አለው። ድመት ያለው ሁሉ አባትሽ ነው?»

«እማዬ።»

«ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል እንዴ? ስሙን አልጻፍኩ!»

«እሱ ያውቃል» አለችኝ። ከዚያ ገብታ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ቆየች። ስትወጣ ሰላም ሳትለኝ ሄደች። ከትንሽነቷ ጀምሮ ቀልድ አይገባትም፤ ወደ አባቷ ነው የወጣችው።

ሐሙስ

ዛሬ ክው ነው ያልኩት። ሻይ ይዤለት ስገባ «አስቀምጪው፣ ይቀዝቅዝ። አንቺ ጠጣሽ?» አለኝ። ልክ። ቁጭ። አንድም ስህተት የለበትም!

ትልቁ ትርኢት ሳምንታት ቀርተውታል፣ ጥርሶ በየቀኑ «አዲስ ምን አለ?» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ባሌ ሲድንብኝ አየሁ።

ሲድንልኝ ማለቴ ነው።

ለጨዋታ ያህል «አንቺ ማን ናት? እዚህ ቤት አንቺ የለችም» አልኩት። ግራ ገባው። ዙሪያውን ተመለከተ። «አን… አንተ?» አለ። «እህ፣ እንደሱ!» አልኩት። ሻዩን እየጠጣ ለድመቷ ሦስቱንም እየቀያየረ ሞከረላት፤ ከሁሉም «እርስዎ» ላይ ቆመ። ጻፍኩት። ቆንጆ ክፍል ይወጣዋል።

ጨዋታ ነው እንግዲህ። ባልና ሚስት አይጫወትም?

ሰኞ

የንግግር ሐኪሟ ደወለች። ትንሽ ትኩሳት አለው አልኳት።

ሐሙስ

ደግማ ደወለች። መኪና አጣን አልኳት። ሰውየው በየቦታው ሲጎተት ቢውል ይሻላል? ቤቱ ነው የሚሻለው። ቤት ሲሆን ዘና ብሎ ያወራል፣ እኔም እሰማዋለሁ።

ዛሬ ቴሌቪዥኑን «ዝም ይበሉልኝ እባክዎ» አለው፤ ጥርሶ ራሱ ነበር የሚያወራው።

ቅዳሜ

ዳቦ ሊገዛ ብቻውን ወጣ። ከስትሮኩ ወዲህ መጀመሪያው ነው፤ ከመስኮት እያየሁት በከዘራው ቀጥ ብሎ ተሻገረ። ሲመለስ ዳቦ የለም። አብራው የመጣችው የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ናት ያወራችልኝ፣ እየሳቀች። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ለሻጩ «የኔ ልጅ፣ ሁለት ስጪኝ» ሲለው ሰልፈኛው ሁሉ ፈነዳ። አንዱ «ፋዘር፣ ጥርሶን ኮረጁ!» አለው። ሌላው «አይ፣ አነጋገሩ ላይ ይቀራቸዋል፤ የጥርሶ ይበልጣል» አለ። እሱ «እኔ ነኝ… እኔ ነኝ…» ይላል አለች፤ ቀጥሎ የሚለው አልመጣለትም።

«እንዲህ ታዋቂ ሆነህልኝ!» ብዬ ጉንጩን ሳምኩት። ጉንጩ እርጥብ ነበር። ላብ ነው፣ ፀሐዩ አይጣል ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» የምትለዋን ለጥርሶ ሰጠሁት። ጭራ እንኳ አላስፈለጋትም።

ረቡዕ፣ ማታ

ጥርሶ ቤታችን መጣ! እዚህ ሳሎን ውስጥ፣ እዚህ ወንበር ላይ! «ሰውየውን ራሱን ልየው» ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነበር የከረመው።

ደወሉ ሲጮህ ባሌ ተነሣ። ሰው ሲመጣ የመነሣት ልማዱ አልለቀቀውም። ኮቱን በግራ እጁ ሊቆልፍ ታገለ፣ አንዲት ቁልፍ ተሳካችለት። «እንኳን ደህና መጣሽ እመቤቴ» አለው ጎንበስ ብሎ። «ጉዞው እንዴት ነበር? ሻንጣሽን ልቀበልሽ።» ጥርሶ ጉልበቱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ባሌም አብሮ ሳቀ። ትንሽ ሳቀና እኔን አየኝ። እኔም እየሳቅኩ ነበር።

ከዚያ ጥርሶ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ባሌ ሲያወራ ከንፈሩን ያየዋል፤ የራሱንም ቀስ እያለ ወደ ታች ይለቃል። መስታወት ይመስሉ ነበር።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» አለው ባሌ።

«ሰው አስቃለሁ።»

«ጥሩ ሥራ ነው።» ትንሽ አሰበ። «በማን?»

«እትዬ ጭራ! ይቺን ጻፊያት፣ እንዳትጠፋ!» ብሎ ጮኸ ጥርሶ።

ጻፍኳት። ስሸኘው ግን ደረጃው ላይ «ከንፈሩን ብንተወውስ?» አልኩት።

«ከንፈሩ ነው ጭራው» አለኝ።

በገዛ ቃሌ ያዘኝ! ምን እላለሁ? ልክ ነው እኮ። ትልቁን ትርኢት እኔ ነኝ የምጽፈው። ብቻዬን። ደረጃውን እየዘለልኩ ነው የወጣሁት፣ በዚህ ጉልበቴ።

ባሌ ስገባ እዚያው ቆሟል። «ሄደች?» አለኝ። «ሄደች» አልኩት።

ዓርብ

የንግግር ሐኪሟ እኔን ትታ ልጄ ጋ ደወለች። እንግዲህ ጉድ ፈላ።

«ስድስት ቀጠሮ ቀርተሻል!»

«አልቀረሁም፣ አስተላለፍኩ።»

«ወዴት? ወዴት ነው ያስተላለፍሽው እማዬ? ጊዜው ሲያልፍ ነው የሚድነው?»

«ከትርኢቱ በኋላ እወስደዋለሁ አልኩ! እንጀራዬ ነው፣ አባትሽ የሚታከመውም በዚሁ ነው!»

«አባዬ በአንቺ አይታከምም፤ አንቺ ነሽ በእሱ የምትታከሚው» አለችኝ። አባባሉ ያምራል፣ መዋቅርም አለው። ከእኔ የወረሰችው ነገር እንዳለ አሁን ነው ያየሁት።

ከነገ ጀምሮ ራሷ እየመጣች ልትወስደው ነው። ትውሰደው። እኔ ጽሑፉን ጨርሻለሁ።

እሑድ

ትርኢቱ! ቃል የለኝም፤ እኔ ቃል የለኝም ስል አስቡት።

ሁለት ወንበር ከፊት ረድፍ፣ መሐል ላይ ወሰድኩ። ልጄ አይሄድም ብላ ነበር፤ አባቷ ኮቱን ሲለብስ ስታይ ከኋላችን ገብታ ቆመች። እሱ «እንሂድ» ነው ያለኝ፤ ሊያየው እንደፈለገ ያስታውቅ ነበር።

ጥርሶ መጋረጃው ሲከፈት ሶፋ አጠገብ ቆሟል፤ በከዘራ፣ ኮቱ በአንድ ቁልፍ፣ ከንፈሩ ወርዶ። ገና ምንም ሳይል አዳራሹ ተሰነጠቀ። ትንኟ ሠራች። ዳቦ ቤቱ ሠራ። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ሲል አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ትከሻዬን ትደበድበኛለች። «በማን?» ሲል ሰው ከወንበር ወደቀ።

ከዚያ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ። «እርስዎ! አዎ፣ ፊት የተቀመጡት እርስዎ! ይነሡ እንጂ!» መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንን እንደሚያስነሣ አልጻፍኩም። ወንበሩን የመረጥኩት ስለሚታይ ነው፣ መድረኩ ማለቴ ነው።

ባሌ ተነሣ። እንግዳ ሲጠራው ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። ሰው እሱን ያያል፣ መድረኩን ያያል፤ አንድ ዓይነት ኮት፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ አንድ ዓይነት ከንፈር። የተዘጋጀ መሰላቸው። እንዲህ ያለ ሳቅ በዕድሜዬ አልሰማሁም፤ ወለሉ በጫማዬ በኩል ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ በሳቁ ግን አልሰማሁም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ተቀመጠ።

ልጄ ከኋላ መጥታ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ቆይቼ ምን እንዳለ ጠየቅኳት። ሰምታዋለች።

«አልነግርሽም» አለችኝ። «ትጽፊዋለሽ።»

ማክሰኞ

ሁለቱ ጸሐፊዎች ተሰናበቱ። እኔ ቀረሁ! ጥርሶ «ጋሽ ይውረዱን ለሚቀጥለው ወቅት በሰፊው» ብሎኛል።

ባሌ አያወራም። ድመቷን አንሥቼ ራሴ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። አይቷት አለፈ።

ሐሙስ

ልጄ በየቀኑ ትመጣለች፣ ከሐኪሟ ጋ ወስዳ ትመልሰዋለች፣ ከዚያ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። «አንቺ ነሽ። አንተ ነህ። እሷ ናት። እርስዎ ነዎት።» እንደ አንደኛ ክፍል ሕፃን። እሱ ይደግማል፣ ይደግማል። ሲሳሳት ማንም አይስቅም። አሰልቺ ነው፣ ምንም የሚጻፍ የለው። እንዲሁ ግን ለረጅም ሰዓት ቆምኩ።

ሳልነቃ በሩ ተከፈተና ከነጆሮዬ ያዙኝ። «ያሳልፉኝ» አለኝ ባሌ። ወደ መታጠቢያ ቤት ነበር የሚሄደው። አየሽ፣ አሁንም ይቀላቅላል!

ቅዳሜ

ጠዋት ልጄ መኪና ከነሾፌሩ ይዛ መጣች። ለጊዜው እሷ ጋ ይሁን አለች። ቅርብ ነው፣ ሐኪሟም እዚያው ሰፈር ናት፤ እኔም የሚቀጥለውን ወቅት በጸጥታ እጽፋለሁ፣ ምን ከፋኝ?

ባሌ ኮቱን ለብሶ ሳሎን መጣ። ቁልፎቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ድመቷ ሶፋው ላይ ነበረች።

«ውረጂ» አላት። ወረደች!

ለልጃችን «ቦርሳውን አንቺ ያዥልኝ» አላት። ሾፌሩ ሊደግፈው እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ ልጄ፣ አንተ በሩን ብቻ ክፈትልኝ» አለው። አንድም አልሳተም። ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ አይለኝ! ባሌ ዳነ እኮ! «እኔንስ?» ልለው ፈለግኩ፤ ከንፈሩን እያየሁ ጠበቅኩ።

የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ፣ ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጠው። ከወገቡ ትንሽ ጎንበስ አለ።

«ቁልፉ ይኸውልዎት» አለኝ። «ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ።»

ልጄ ፊቷን አዞረች። ሄዱ።

አየሽ፣ ሁሉም ላይ ድኖ እኔ ላይ ብቻ ቀረበት! እንዲህ ያለ ነገር እንኳን ተገኘና ይባከናል? መኪናው ገና ከበሩ ሳይርቅ ጥርሶ ጋ ደወልኩ። አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ድመቷን፣ ልጃችንን፣ ሾፌሩን፣ ቁልፉን፣ የሆቴሉንም አስረዳሁት። አልሳቀም። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እና ቀልዱ የቱ ጋ ነው፣ እትዬ ጭራ?» አለኝ።

ቁልፉን አየሁት።

«ጭራውን ገና አልቀጠልኩበትም» አልኩት።